አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የመሣሪያ ከረጢቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዝርዝሩን አወጣ። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ። ሁሉም ፈርሜ የወሰድኳቸው ናቸው። የከረጢቱን አፍ ያሰርኩበትን ገመድ አንዴ ሳብ ቢያደርገው ወለል ብሎ ተከፈተለትና፣ "ጋሽ ጌታነህ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው? መንገድ ላይ ቢፈታብዎትስ?" አለኝ። አንድ በአንድ እየጠራ ምልክት ሲያደርግ ቆይቶ ከከረጢቱ ሥር አንዲት ከቀንድ የተሠራች ወስፌ አገኘ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቢያየው የለችበትም።

"ይቺስ የማን ናት?"

"የሰው ናት" አልኩና ኪሴ ከተትኳት። ፈርሜ ወጣሁ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው እንዲህ ነው፤ ሻይም ንግግርም አልነበረም። ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ በስብሰባና በአቤቱታ ተጠምዶ ስለከረመ፣ አንድ ሽማግሌ አናጢ መሄዱን ልብ ያለው የለም። እኔም አልተቀየምኩም።

ሰው "አሰብ ምን ስትሠራ ኖርክ?" ሲለኝ "አናጢ ነበርኩ" እላለሁ። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ወንበርና ቁም ሣጥን የሠራሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ለአርማታ ሳንቃ ስገጥም ነው። ሳንቃው ይገጠማል፣ ሲሚንቶው ይፈስበታል፣ ሲደርቅ ሳንቃው ተነቅሎ ይጣላል። ድልድዩን የሚያየው ብዙ ነው፤ ድልድዩን ቅርጽ ያስያዘው እንጨት የት እንደገባ የሚጠይቅ ግን አንድም ሰው አላጋጠመኝም። አብዛኛው ማገዶ ሆኗል።

ሥራ የጀመርኩት ከደሴ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ታች። የመጀመሪያ አለቃዬ አቶ በላይነህ የሚባሉ ካቦ ነበሩ፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ባርኔጣቸውን እንቅልፍ ካልወሰዳቸው በቀር የማያወልቁ። የገጠምኩትን ሳንቃ በጫማቸው ተረከዝ እየረገጡ ይፈትሹ ነበር። ንቅንቅ ካለ ያስፈርሱኛል። "ውሃ የሚያሳልፍ፣ የሚነቃነቅ፣ የሚፈታ ነገር ሥራ አይባልም" ይሉኛል። አሥራ አንድ ዓመት ይህንን ስሰማ ኖሬ እጄ ሌላ ነገር ማወቅ ተሳነው። የጠበቀ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ለሠራሁት ጥፋት ምክንያት ልፈልግለት አይደለም። ብቻ እንዲታወቅ ያህል ነው።

አሰብ የወረድኩት ትልቁ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ ሲገነባ ነው። ግንባታው ሲያልቅ አብዛኛው ሰው ወደ ደጋ ተመለሰ፤ እኔን አንድ ድርጅት ለጥገና አስቀረኝ። የበረሃ አበል አለው ተባለ፤ ነበረውም፤ ሙቀቱን ግን አይችለውም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ መጥታ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ፣ "አንተ ከፈለግክ ቅር፣ እኔ ግን በቁሜ አልቀቀልም" ብላኝ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ተመለሰች። አልፈርድባትም።

እሑድ እሑድ የምሄድበት አልነበረኝምና ባሕር ዳር መውረድ ጀመርኩ። ባሕሩ የማይጥለው ነገር የለም። ጨው የላሰው ግንድ፣ የማንግሩቭ ዛፍ ሥር፣ ቀዳዳው የበዛ የባሕር ድንጋይ፣ የዘንባባ ዘንግ። እነሱን እየለቀምኩ በምኖርባት የሠራተኛ ቤት፣ በባራካዬ ደጃፍ ላይ ቅስት፣ ግንብ፣ ጉልላት እሠራ ጀመር፤ የወንበር ቁመት ያህል። ለምን እንደምሠራው አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ሳንቃዬ ሲነቀል ያመኝ የነበረ ይመስለኛል፤ አንድ ቅርጽ እንኳን ሳይነቀልብኝ ማየት አምሮኝ ይሆናል። ጎረቤቶቼ "ጌታነህ ለዓሣ ቤት ሊያከራይ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ግንቡና ቅስቱ ሲሳካልኝ ጉልላቱ አልሳካ አለኝ። የዘንባባውን ዘንግ ሳጎብጠው ይሰነጠቃል፤ በምስማር ስይዘው ከነምስማሩ ይፈነጠራል። አንድ ጠዋት እንዲህ ስታገል ሰሌን የጫነች አህያ እየነዳች የምታልፍ የአፋር ሴት ቆማ ታየኛለች። ዕድሜዋ ከእኔ አይርቅም።

"ይሄ ምንድነው? የዶሮ ቤት?" አለችኝ።

"ቤት አይደለም።"

"ቤት ካልሆነ በር ለምን አለው?" አለችና የያዝኩትን ምስማር አይታ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ለእሷ ምስማር ሆነ። እሷ ሐዋ ትባላለች። የበይሉል መንደር ሰው ናት፤ ሰሌን እያመጣች አሰብ ገበያ የምትሸጥ። አማርኛዋ የገበያ ነበር። "እርስዎ" የሚባል ነገር ስለማታውቅ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የምትለው። እኔ ግን እማማ ሐዋ እላት ነበር፤ ባትወደውም ለመደችው።

በአፋሮች ዘንድ ደቦይታ የሚባለውን፣ ተነቅሎ የሚጫነውን የሰሌን ጎጆ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እንጨቱን የሚያጎብጡት፣ ሰሌኑን የሚሠሩት፣ የሚተክሉት፣ ነቅለው ግመል ላይ የሚጭኑት እነሱ ናቸው። አንድ ወንድ፣ ያውም ሽበት የወረረው የደጋ አናጢ፣ "አስተምሪኝ" ብሎ ሲለምን ሐዋ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ነበር። በሦስተኛው ገበያ ቀን አህያዋን ደጃፌ አስራ ቁጭ አለች።

ሐዋ ስትሠራ አይቶ ዓይንን መንቀል ያስቸግር ነበር። እርጥብ የግራር ዘንግ ማዕበሉ በሚደርስበት አሸዋ ውስጥ ትቀብርና በድንጋይ ትጫነዋለች። ከሳምንት በኋላ ታወጣውና ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ቀስ እያለች ታጎብጠዋለች። ሊሰበር የሚል ዘንግ አስቀድሞ ድምፅ ይሰጣል፤ እኔ ምንም ሳልሰማ እሷ "ይሄ አይሆንም" ብላ ትጥለዋለች። እኔ ግትር ብዬ ያንኑ አንስቼ ሳጎብጠው ቀጭ ይላል። ሥራ ላይ ወስፌዋን በጥርሷ ነክሳ ስለምታወራ ከምትለው ግማሹ አይሰማም። መልሳ አትናገርም፤ ያልሰማ ይብላኝለት ነው።

ዋናው ነገር ግን ቋጠሮው ነው። ከዘንባባ ቅጠል የተገመደ ገመድ ትወስድና ሁለት ዙር አዙራ፣ አንዱን ጫፍ አጥፋ ታስገባዋለች። ሸክም ሲኖርበት ይጠብቃል፤ ጫፉን አንዴ ሲስቡት ግን ይፈታል። ሥራ ስናቆም በእኔ በኩል ያለውን ሁሉ እየዞረች ትስባለች። በአንድ ስበት ያልተፈታውን በቢላዋ ትቆርጠውና እንደገና አሳስረኛለች። አቶ በላይነህ በተረከዛቸው ይረግጡ የነበረው እንዳይፈታ ነበር፤ እሷ የምትስበው እንዲፈታ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ፣ "የጠበቀ ቢሆን ምን አለበት?" አልኳት።

"ነፋስ ሲመጣ ማን ይፈታዋል? አንተ ትፈታዋለህ በምስማር?"

የአሰብን ነፋስ የማያውቅ ይህ አይገባውም። ጥቅምት ሲገባ ከባብ ኤል መንደብ በኩል ይነሳና ወራት ሙሉ አያባራም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቆርቆሮ ነቅሎ ይሄዳል። እንደዚያ ባለ ቀን በነፋሱ በኩል ያለውን ሰሌን መጀመሪያ ከሥር፣ ቀጥሎ ከላይ ፈትቶ መጣል ነው። ነፋሱ በባዶው የእንጨት አጥንት መሃል ያልፋል፤ ቤቱም ይተርፋል። ቋጠሮው የሚታሰረው ለዚያ ሰዓት ነው።

ከሐዋ መማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ኢንጂነር ዮናስ የሚባል አዲስ አለቃ መጣልን። ውጭ አገር የተማረ፣ ሰው አክባሪ፣ ሸሚዙ በላብ ተነክሮም ክራባት የሚያስር። አንድ እሑድ በባራካዬ ደጅ ሲያልፍ ቆሞ ቀረ። ጎንበስ ብሎ በቅስቶቹ ውስጥ አጮለቀ። "ጋሽ ጌታነህ፣ ይሄ እኮ ቅርጻ ቅርጽ ነው" አለኝ። ሥራዬ ስም ሲወጣለት ያን ዕለት ነው የሰማሁት፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። በሠራተኞች ክበብ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ትልቁን እንድሠራ ፈቀደልኝ። ሐዋም አብራኝ እንድትሠራ ተቀጠረች።

አራት ወር ፈጀብን። ሦስት ጉልላቶች፣ ትልቁ የሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ፣ በቅስት መተላለፊያ የተያያዙ። እግራቸው የባሕር ድንጋይ፣ አጥንታቸው ግራር፣ ልብሳቸው ሰሌን ነበር። ሰሌኑን ያለበስነው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ስትዞር ጥላው ሜዳው ላይ እየተሳበ ይሄዳል። የአዲስ አበባ መስመር ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ይገቡበት ነበር። አንዱ "ቤተ ክርስቲያን ነው መስጊድ?" ሲለኝ ሐዋ ወስፌዋን ነክሳ፣ "የምስማር ቤት ነው" አለችው።

በዚያው ወራት ሐዋ ሌላም ሥራ ነበራት። ልጇ አይሻ ራሔይታ ላለ ዓሣ አጥማጅ ታጭታለች፤ እናት ለልጇ ደቦይታዋን ማዘጋጀት አለባት። ሐዋ ለምሳ ዕረፍት ጥላ ሥር ስትቀመጥ የምትሠራው የአይሻን ሰሌን ነበር፤ ጥቁርና ቀይ ጥለት ያለው፣ ለገበያ ከምታወጣው ጋር የማይገናኝ። ሌላው አልቆ የቀራት የአናቱ ሰሌን ብቻ ነበር። "አናቱ ከሁሉ ይከብዳል፤ ዝናብም ፀሐይም እሱን ነው መጀመሪያ የሚያየው" ትለኝ ነበር። ግማሹን ሠርታለች።

ከዚያ ትልልቅ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ኢንጂነር ዮናስ ሜዳው ላይ እየተዘዋወረ ቋጠሮዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ "ትንሽ ላላ አላለም ጋሼ? እንግዶቹ ውስጥ ሲገቡ ባይንቋቋ" አለኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ሬንጅ ቅባበት አላለኝም። እሱን እኔው ነኝ ያሰብኩት። ሐዋ በይሉል ሄዳለች፤ ሬንጅ እንደሆነ አሰብ ውስጥ ከውሃ ይልቅ እሱ ይገኛል። በርሜል ላይ አፍልቼ፣ በብሩሽ እያንዳንዱን ቋጠሮ ቀባሁት። ጠጣ፣ ረጋ፣ ጠቆረ፣ አብረቀረቀ። ተረከዜን አንስቼ ረገጥኩት፤ ንቅንቅ አላለም። አቶ በላይነህ ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ያን ያህል ተኩራርቼ ነበር።

ሐዋ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ጥቁሩን አይታ ቀረብ አለች፤ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጣቷን አሸተተችው። ወዲያው እሷን ማሳዘኔ፣ ቋጠሮውን ሁሉ ቆርጣ አሥራ አራት ቀን ሙሉ እንደገና እንደምታሳስረኝ ታየኝ። እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል።

"ይሄ ምንድነው?" አለች።

"ቀለም ነው" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝና እሺ እንደማለት ጭንቅላቷን ነቅንቃ ሰሌኗን ይዛ ገበያዋ ሄደች።

ነፋሱ የመጣው በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሳለሁ ሰሌኖቹ ሲማቱ ተሰማኝ። ስወጣ አቧራው ፀሐይዋን ጋርዷታል። ሮጥኩ። ሐዋ ገበያው ቅርብ ስለሆነ ቀድማኝ ደርሳለች። በነፋሱ በኩል ተንበርክካ የሥረኛውን ቋጠሮ ጫፍ ትስባለች። አልፈታ አላት። እንደገና ሳበች። ከዚያ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ፣ እግሯን ድንጋዩ ላይ ተክላ በመላ ኃይሏ ሳበችው። በዚያች ቅጽበት ሰሌኑ ነፋስ ሞላበትና ትልቁ ጉልላት ከእግሩ ተነቅሎ ወደ ላይ ተነሳ፤ ተነስቶም ተጠማዘዘ። ገመዱ የሐዋን እጅ ይዞ ሄደ።

ቢላዬን አውጥቼ ደረስኩ። ሬንጁ ቢላውን ይዞ አላስቆርጥ አለኝ። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላስታውስም። ሐዋ አልጮኸችም፤ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ፍታው፣ ምስማር፣ ፍታው።" እኔ ደግሞ መፍታት የማይቻል አድርጌ ሠርቼዋለሁ።

ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ከቀኝ እጇ ሦስት ጣት ሄደ፤ የቀሩት ሁለቱም መታጠፍ አቃታቸው። እንግዶቹ ሲመጡ ሜዳው ተጠርጎ ነበር፤ ቦታው ላይ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ኢንጂነር ዮናስ በራሱ ፈርዶ ብዙ ቀን አንገቱን ደፍቶ ከረመ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እኔም ለእሱም ለማንም ስለ "ቀለሙ" አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ነፋስ ነው ያለው። እኔም ነፋስ ነው ስባል ዝም አልኩ። ከባሰም የባሰው ያ ዝምታዬ ነው።

ከወር በኋላ ዓሣ ለመጫን በሚሄድ መኪና በይሉል ሄድኩ። ሐዋ እጇን በሻሿ ጠቅልላ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ሦስት ጎረቤት ሴቶች የአይሻን ደቦይታ ለመሞከር አጥንቱን ይተክላሉ። አይሻ ቆማ ታቀብላቸዋለች። በግማሽ የቀረው የአናት ሰሌን ሐዋ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የጭነት መኪና ሸራ አለ፤ አንድ ሾፌር የሰጣቸው ነው። የሐዋን ጥለት ከመሃል ተቀብሎ የሚጨርስ ሰው ስላልተገኘ ልጅቷ አናቱን ሸራ አልብሳ ልትሄድ ነው።

"እማማ ሐዋ፣ እንግዲህ እኔ ልሰር" አልኳት። "ሰሌኑን ባልችል እንኳ አጥንቱን ልሰር።"

ሴቶቹ ሳቁ። ወንድ ደቦይታ ሲያስር አይተው አያውቁም። ሐዋ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ገለል አሉልኝ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት አሰርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ሁለት ዙር፣ ጫፉን ማጠፍ፣ ማስገባት።

ስጨርስ ሐዋ ተነሳች። በግራ እጇ ከመጀመሪያው ጀምራ ሳበች። ተፈታ። ሁለተኛውን ሳበች፤ ተፈታ። እየዞረች ሁሉንም ሳበች፤ አንድም አላስቸገራትም። ቢላዋ አላስፈለጋትም።

"አሁን አወቅህ" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲጀምር ሴቶቹን ጠራች። መጥተው የፈታችውን ሁሉ እነሱ እንደገና አሰሩት። እኔ ጥላው ሥር ተቀምጬ አየሁ። ራሔይታ በሄደው ቤት ላይ የእኔ ቋጠሮ አንድም አልነበረም።

ሐዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ወስፌዋን ከመቀነቷ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "እኔ ጋ ሥራ የላትም" አለች። እንባዬ መጣ፤ እንደዚያ ባልሆን መናገር አልችልም ነበር ይሆናል።

"እማማ ሐዋ፣ ያ ነገር ቀለም አልነበረም። ሬንጅ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"መቼ አወቅሽ?"

"ያን ጊዜ። መንገድ ላይ ሬንጅ ሲያፈሱ ስንት ዓመት አየሁ፣ ሽታውን አላውቅም? አፍንጫዬ ሬንጅ ነው አለኝ። አንተ ቀለም ነው አልከኝ።" ፊቷን ሴቶቹ ወደሚያስሩት መለሰች። "አፍንጫዬን ተውኩ። አንተን አመንኩ።"

ዓሣ የጫነው መኪና ጥሩምባ ነፋልኝ፤ ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዳር አንድ እንጨት አላነሳሁም።